ክቡ ቤት በምን ዕዳው ይፈርሳል?

ስለ ሀገራችን ኪነ ሕንፃ በተጻፈ ቁጥር ሦስት ስሞች ተደጋግመው ይነሣሉ፤ አክሱም፣ ላሊበላና ጎንደር። መነሣታቸው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ነገሥታት ካሠሯቸው ከእነዚህ ታላላቅ ሥራዎች ሌላ፣ ገበሬው እንጨት ተሸክሞ፣ ጭቃ ረግጦና ሣር አጭዶ፣ አናጢው ጠርቦ፣ ሰዓሊው ቀለም በጥብጦ ያቆመው የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አለ። በኮረብታው ራስ ላይ፣ በጽድና በወይራ ተከቦ፣ ክብ ሆኖ የሚታየውን ቤት ማለታችን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያሠራው ንጉሥ ስም ስለሌለው ታሪክ ጸሐፊ ብዙ አልደከመለትም፤ ጎብኚም አይጎርፍለትም። ዛሬ ደግሞ ሳይለካ፣ ሳይነደፍ፣ ፎቶግራፍ እንኳ በወጉ ሳይነሣ፣ ከከተማ እስከ ገጠር በብዙ አጥቢያ እየፈረሰ በቦታው የአርማታ አዳራሽ ይተከላል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ከመነሻው ግልጽ ይሁን። አዲስ ቤተ ክርስቲያን መሠራቱን አንቃወምም፤ ሲሚንቶና ብረትንም አንጠላም። የምንቃወመው አዲሱን ለመትከል አሮጌውን ማፍረስን ነው። ይህ ድርጊት ግንባታ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም። ሰፊው ሕዝብ በብዙ ትውልድ ላብ ያካበተውን ዕውቀት በአንድ ሳምንት መናድ ነውና።

«ይህ የካህናትና የምእመናን ጉዳይ ነው፤ የባህል መጽሔትን ምን ያገባዋል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። እምነቱ የአማኙ ነው፤ ጥበቡ የሀገር ነው። የጎንደርን ግንብ ለማድነቅ የዐፄ ፋሲል ባለሟል መሆን እንደማያስፈልግ ሁሉ፣ የአጥቢያውን ቤት አሠራር ለማጥናትና ለማዳንም የሰበካው አባል መሆን ግድ አይልም። የወሎ ጥንታዊ መስጊዶችም ሆኑ የሐረር ጀጎል መስጊዶች በዚሁ ክርክር ውስጥ ይገባሉ። ሕዝብ በእጁ የሠራው ማናቸውም ቤት ይመለከተናል።

የቅርፁ ባለቤት ማነው?

ክቡን ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ያየ ሰው ትልቅ ጎጆ ይመስለዋል። አልተሳሳተም። የቅርፁ ዘመድ የደጋው ገበሬ መኖሪያ ነው፤ መሐል ምሰሶ፣ ዙሪያውን ግድግዳ፣ ከላይ በማገር የታሰረ ሣር ክዳን። ሕዝቡ ለራሱ የሚሠራውን ቤት አልቆና አስፍቶ ለአምላኩ ሠራለት። ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ግን አሠራሩ እጅግ የተራቀቀ ሆኖ ይገኛል። መሐሉ ላይ በአብዛኛው አራት ማዕዘን የሆነው መቅደስ ይቆማል፤ መቅደሱን ቅድስት ይከበዋል፤ ቅድስቱን ደግሞ ቅኔ ማኅሌቱ ይዞረዋል። ካህኑ፣ ቆራቢው፣ መዘምሩና አስቀዳሹ እያንዳንዳቸው ስፍራቸውን የሚያውቁት ሰሌዳ ተለጥፎላቸው ሳይሆን ግድግዳው ራሱ ስለሚነግራቸው ነው።

ከዚህ ይልቅ ልናጤነው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። የመቅደሱ ግድግዳ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ የጣሪያውን መሐል ይሸከማል። በጣሪያው ጫፍም፣ በዚያው በመቅደሱ አናት ላይ፣ ጉልላቱ ይቀመጣል፤ በብዙ ቦታ የሰጎን እንቁላል ተሰክቶበት ከሩቅ ያበራል። እንግዲህ ከሁሉ የከበረው ክፍል ከሁሉ የከበደውን ሸክም ይሸከማል ማለት ነው። ይዘትና ቅርፅ ሊነጣጠሉ አይገባም እያልን በየጉባኤው የምንከራከር የኪነ ጥበብ ሰዎች፣ ይህን ትምህርት ስሙ ከማይታወቅ አናጢ ልንወስድ በተገባን ነበር።

ይህ ክብ ቅርፅ ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ በደጋው ሀገር በሰፊው ተሠራጨ። በጣና ሐይቅ ያሉት ዑራ ኪዳነ ምሕረትና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ የታወቁ ምስክሮች ናቸው። ነገር ግን የቅርፁ እውነተኛ ኃይል የሚታየው ስማቸው በማይታወቅ በሺህ በሚቆጠሩ አጥቢያዎች ነው። ቤቱ የሚሠራው በደቦ ነበር። ያለው በገንዘቡ፣ የሌለው በጉልበቱ ይረዳል፤ አንዱ ግንድ ይጎትታል፣ ሌላው ጭድ ያመጣል፣ ሴቶቹ ውኃ ይቀዳሉ፣ ጠላና ዳቦ ያቀርባሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል በግድግዳ መልክ ሲቆም ይህን ይመስላል።

ሣር ክዳኑ በየጥቂት ዓመቱ መለወጡን እንደ ድክመት የሚቆጥሩ አሉ። ያ ሥራ ትምህርት ቤት መሆኑን ግን አያዩም። አባት ሲከድን ልጅ ከታች ሣር ያቀብላል፤ በሚቀጥለው ክዳን ልጁ ራሱ ይወጣል። ጥገናው ዕውቀቱን ከእጅ ወደ እጅ ያሸጋግር ነበር። ቤቱ ሲፈርስ ተማሪውም መምህሩም አብረው ይበተናሉ።

ከየካ ኮረብታ ግርጌ

ነገሩን በዐይን ማየት ለሚሻ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከሲ.ኤም.ሲ. እስከ እንጦጦ ያለው ኮረብታና ግርጌው የኪነ ሕንፃችን ታሪክ በሰፊው የተዘረጋበት ነው።

ከሲ.ኤም.ሲ. መንገድ ቀና ሲሉ በሚታየው በየካ ኮረብታ ላይ ዋሻ ሚካኤል አለ። ከወጥ ዐለት ተፈልፍሎ የወጣ ቤተ ክርስቲያን ነው። የአካባቢው ትውፊት ዕድሜውን ከአብርሃና አጽብሓ ዘመን ያደርሰዋል፤ አጥኚዎች በበኩላቸው በመካከለኛው ዘመን፣ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወይም ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው ይላሉ። በየትኛውም ቆጠራ፣ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ በዚህ ኮረብታ ላይ ዐለት ፈልፍሎ ቤት ማውጣት የሚችል ባለሙያ ነበር። ዛሬ ጣሪያው ተከፍቷል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ ይተኛበታል። ተማሪዎቹን ወደ ላሊበላ ለመውሰድ አቅም የሌለው የየካ መምህር በእግር ወስዶ ሊያሳያቸው የሚችለው የድንጋይ መጽሐፍ ይኸው ነው። ስንቱ መምህር አደረገው?

ከዚያ ወደ እንጦጦ ስንወጣ ማርያምንና ራጉኤልን እናገኛለን። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት በእንጦጦ ማርያም ነው። ይህ ቤተ ክርስቲያን ክብ ሳይሆን ባለ ስምንት ማዕዘን ነው። መቅደሱ፣ ቅድስቱና ቅኔ ማኅሌቱ ግን እንደ ጥንቱ ተያይዘው ይዞራሉ። ክቡ ቅርፅ ማዕዘን አወጣ እንጂ አልጠፋም። ከዓድዋ ድል በኋላ፣ ከ1898 እስከ 1903 ዓ.ም. በአራዳ የተሠራው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልም በድንጋይ ሲታነጽ፣ የውጭ ሀገር መሐንዲሶች ሲሳተፉበት እንኳ፣ ያንኑ ስምንት ማዕዘን ያዘ። ከዚህ የምንማረው ብዙ ነው። አባቶቻችን ለውጥን አልፈሩም፤ ከሣር ወደ ቆርቆሮ፣ ከጭቃ ወደ ጥርብ ድንጋይ ተሻግረዋል። የተሻገሩት ግን የቤቱን አሳብ ይዘው ነው።

ፋሺስት ኢጣሊያ በየካቲት 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ሕዝብ በፈጀበት ወቅት ይህንኑ የጊዮርጊስ ካቴድራል በእሳት ለቆበት ነበር። ከነጻነት በኋላ ታደሰ እንጂ «ተቃጥሏልና እናፍርሰው» ያለ አልተሰማም። ጠላት ያቃጠለውን ያዳነ ሕዝብ፣ ዛሬ ማንም ሳይነካው የቆመውን ቤት በገዛ እጁ ሲያፈርስ እልልታ ይሰማል። «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚለው የስላቅ ተረት በእኛ ላይ እውነት ሊሆን ነውን?

ወደ ግርጌው፣ ወደ ሲ.ኤም.ሲ. እንመለስ። የሰፈሩ ስም እዚህ መኖሪያ ቤቶችን ከሠራ የኢጣሊያ ሥራ ተቋራጭ የተወሰደ ነው። ሦስቱ ፊደላት በ1901 እ.ኤ.አ. በራቬና ከተማ የተመሠረተውን «የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር» ያመለክታሉ። በሲሚንቶ ሠራተኛ ስም የሚጠራ ሰፈር በሲሚንቶ ቢሸፈን አይደንቅ ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በቀላል ባቡር መስመር ግራና ቀኝ አርማታ በአርማታ ላይ ተደርቧል። የሚደንቀው ሌላ ነው። ያቺው የሲሚንቶ ሠራተኞች ሀገር ራቬና፣ በ547 እ.ኤ.አ. የተመረቀውን ሳን ቪታሌ የሚባል ባለ ስምንት ማዕዘን የጡብ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ጠብቃ ይዛለች። የራቬና ግንበኛ ከስምንት ማዕዘኑ አጠገብ ሲሚንቶ አቡክቶ ኖረ፤ ስምንት ማዕዘኑን ግን አላፈረሰም። እኛ ሲሚንቶውን ተቀበልን፤ ጥንቃቄውን ሳንቀበል ቀረን።

የአፍራሾቹ ሦስት ምክንያቶች

አፍራሾቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። አብዛኞቹ ከዕለት ጉርሳቸው ቀንሰው ለሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ የሚያዋጡ ቅን ምእመናን ናቸው። ስለዚህ የሚያቀርቡትን ምክንያት በንቀት ማለፍ አይገባም፤ አንድ በአንድ እንመልከተው።

አንደኛ፣ «አሮጌው ጠባብ ነው፤ ሕዝቡ በዝቷል» ይላሉ። እውነት ነው፤ እንደ ሲ.ኤም.ሲ.ና አያት ባሉ ሰፈሮች የነዋሪው ቁጥር ከአያቶቻችን ዘመን ጋር አይነጻጸርም። ግን ለጥበት መፍትሔው ስፋት እንጂ መፍረስ አይደለም። አክሱምን እንመልከት። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ፋሲል የታነጸችው ጽዮን ማርያም ለሕዝቡ ሳትበቃ ስትቀር፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲሱና ሰፊው ቤተ ክርስቲያን በአጠገብዋ ተሠራ፤ አሮጌዋ ግን እስከ ዛሬ ቆማለች። ስለ አዲሱ ውበት መከራከር ይቻላል፤ በአሠራሩ ጥበብ ግን አንከራከርም፤ ሁለቱም አሉና። በአክሱም የተቻለው በአንድ አጥቢያ ሰፊ አጸድ ውስጥ የማይቻለው ለምንድን ነው?

ሁለተኛ፣ «እንጨትና ጭቃ አይበረክትም» ይላሉ። ይህ ምክንያት ከሁሉ ይበልጥ ይነገራል፤ ከሁሉ ይበልጥም መሠረት የለውም። በትግራይ የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን፣ በላስታ ዋሻ ውስጥ ያለው ይምርሐነ ክርስቶስ፣ እንጨትና ድንጋይ ተደራርበው የቆሙ ሥራዎች ናቸው፤ ስንት መንግሥት ሲያልፍ አይተዋል። ደብረ ዳሞ ባረጀ ጊዜ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ማቲውስ የተባለ እንግሊዛዊ የሕንፃ ባለሙያ እየለካና እየነደፈ ጠገነው፤ አላፈረሰውም።

እንግሊዛዊውን ካነሣን ወደ ሀገሩ እንሻገር። የእንግሊዝ የመካከለኛው ዘመን አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ከእኛው ጋር የሚመሳሰልበት ብዙ ነገር አለውና። በዚያም ሀገር ምእመናኑ የሚቆሙበትን ክፍል የማደስ ግዴታ የምእመናኑ ነበር፤ የመሠዊያውን ክፍል ደግሞ አሥራት የሚቀበለው የሰበካው ካህን ያድሳል። ቤቱ የመንደሩ የጋራ ሸክምና የጋራ ኩራት ነበር። ከለንደን በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ኤሴክስ በሚባለው አውራጃ፣ ግሪንስቴድ በተባለች መንደር ያለው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው በቁም የተተከለ የኦክ ግንድ ነው። ጠበብት በእንጨቱ ቀለበት ቆጥረው በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ግድም የተቆረጠ መሆኑን ደርሰውበታል። ወደ ሺህ ዓመት የተጠጋ እንጨት! እንዴት በረከተ? በ1848 እ.ኤ.አ. የግንዶቹ ሥር በስብሶ ሲገኝ፣ የበሰበሰውን ብቻ ቆርጠው የቀረውን ጤነኛ ግንድ በጡብ መሠረት ላይ መልሰው አቆሙት። ምስጥና እርጥበት የበላውን የእኛን ክብ ቤት ግድግዳ ከሥሩ በድንጋይ መደገፍ የሚያቅተው ግንበኛ በየካ ጠፍቶ ነውን? ዝናብ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ከሆነ አርማታም ይሰነጠቃል፤ ፌሮም ይዝጋል። የሚያበረክተው ጥገናው ነው።

እንግሊዞች ወደዚህ ጥንቃቄ የደረሱት ያለ ትግል አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቀናኢ የሆኑ ካህናትና ታዋቂ መሐንዲሶች «እናድሳለን» እያሉ የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናትን ሲፍቁ፣ የዘመናት ሥራን እየነቀሉ ዕድሜ የሌለው አዲስ ሲተኩ ኖሩ። ያን የተቃወመው ገጣሚና የእደ ጥበብ ሰው የነበረው ዊልያም ሞሪስ ነው። በ1877 እ.ኤ.አ. ከጓደኞቹ ጋር የጥንታዊ ሕንፃዎች መጠበቂያ ማኅበርን አቋቋመ፤ ማኅበሩ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። መሠረታዊ አሳቡ ለእኛ ገበሬ አዲስ አይደለም፤ ቤትን በየጊዜው በትንሹ ጠግን፣ ያኔ ትልቅ ማፍረስ አይመጣብህም። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜም አጥፊዎቹ የእምነቱ ጠላቶች አልነበሩም፤ ወዳጆቹ ነበሩ። ለዚህም ነው ተቃውሞው ከካህን በፊት ከገጣሚ የመጣው። ገጣሚዎቻችን የት ናቸው?

ሦስተኛ፣ «ዘመናዊ መሆን አለብን» ይላሉ። ዘመናዊነት ምንድን ነው? በብሎኬት ግድግዳ ላይ ቆብ የመሰለ የአርማታ ጉልላት መድፋት፣ መስኮቱን በአልሙኒየም፣ ወለሉን በሴራሚክ መሸፈን ከሆነ፣ ይህ ከሌላ የተቀዳ ቅጂ ነው። ግማሹ ከሩሲያ፣ ግማሹ ከግሪክ፣ ቀሪው ከቁሳቁስ ሱቅ የተገኘ ነው። ሞኝ ከሰው ደጅ ሞፈር ይቆርጣል ይባላል፤ በገዛ ደጁ ጽድ እያለ። እውነተኛ ዘመናዊ መሐንዲስ «ለሦስት ሺህ ሰው የሚበቃ፣ መቅደሱ መሐል ሆኖ ሕዝቡ የሚዞርበት ቤት በአዲስ ቁሳቁስ እንዴት ይሠራል?» ብሎ በጠየቀ ነበር። ይህ ጥያቄ ከባድ ነው፤ ስለዚህም ዘመናዊ ነው። የምንጎተጉተው ይህ ጥያቄ እንዲጠየቅ ነው።

የሚጠፋው ድምፅና ሥዕል

ለኪነ ጥበብ ሰዎች ሁለት ነገር ለይተን እንንገር፤ እነዚህ ከግድግዳው ጋር አብረው የሚፈርሱ ናቸውና።

የመጀመሪያው ድምፅ ነው። ማኅሌቱ፣ ወረቡ፣ ጸናጽሉና ከበሮው በክቡ ቤት ውስጥ ያደጉ ጥበቦች ናቸው። በቅኔ ማኅሌት መዘምራኑ በቀኝና በግራ ተሰልፈው፣ መቋሚያ ይዘው፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተመላለሱ ይዘምራሉ። ጭቃ፣ እንጨትና ሸራ ድምፅን በልክ ይጠጣሉ፤ የከበሮው ምት ከጸናጽሉ ሳይደባለቅ ይሰማል፤ ቅኔ ሲዘረፍ ቃሉ ተለይቶ ከጆሮ ይደርሳል። ሴራሚክ፣ መስታወትና ባዶ አርማታ ግን ድምፁን እየመለሱ ያላትሙታል፤ ቃሉ በቃሉ ላይ ይወድቃል። ያን ለማረም ድምፅ ማጉያ ይሰቀላል፤ ድምፅ ማጉያው ጩኸቱን ያበዛዋል። ሰምና ወርቁን ለመለየት ጆሮውን የሚያቆም አድማጭ በዚህ ውስጥ ምን ይሰማል? በመድረክ የሚሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ አዳራሽ ሲበላሽ ተዋናዩ ይጮኻል፤ ተዋናዩ ሲጮኽ ጨዋታው ይሞታል። ቅኔ ማኅሌት ከየትኛውም ቴአትር ቤታችን በዕድሜ የሚበልጥ መድረክ መሆኑን ጸሐፌ ተውኔቶች መዘንጋት የለብንም።

ሁለተኛው ሥዕል ነው። በክብ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል የተሸፈነ ነው፤ በብዙ ቦታ ሥዕሉ የሚሠራው በሸራ ላይ ሆኖ ሸራው በግድግዳው ይለጠፋል። ግድግዳው ሲፈርስ ሸራው ይገሸለጣል። ከዚያ በኋላ ዕጣው ሦስት ነው፤ ወይ ተጠቅልሎ በዕቃ ቤት አይጥ ይበላዋል፣ ወይ ተቆራርጦ ለነጋዴ ይሸጣል፣ ወይም ከፍርስራሹ ጋር ይጣላል። በአዲሱ ግድግዳ ላይ በምትኩ ከማተሚያ ቤት የመጣ ባዕድ ምስል ይሰቀላል። የሥዕሉ አቀማመጥ ግን ራሱ ትረካ ነበር። ምእመኑ መቅደሱን ሲዞር ከአንዱ ታሪክ ወደ ሌላው እየተሻገረ፣ ፊደል ሳይቆጥር መጽሐፍ ያነብ ነበር። ማንበብ የማይችለው ገበሬ ለዘመናት የተማረበት መማሪያ መሆኑን መሠረተ ትምህርት ያስተማሩ ካድሬዎችና መምህራን ከማንም በላይ ሊያደንቁት ይገባል።

በዚህም ረገድ የእንግሊዝ ታሪክ ያስጠነቅቀናል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሃይማኖት ለውጥ ጊዜ የአጥቢያዎቹ የግድግዳ ሥዕሎች በኖራ ተለቀለቁ። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻቸው ኖራውን በጥንቃቄ እየፋቁ የተረፈውን ፍለጋ ገቡ። እነርሱ ቢያንስ ከኖራው ሥር የሚፈልጉት ግድግዳ ነበራቸው። የእኛ የልጅ ልጆች ከምን ሥር ይፈልጋሉ?

ምን ይደረግ?

ቁጭት ብቻውን ቤት አያድንም። ስለዚህ የሚከተለውን እናቀርባለን።

በመጀመሪያ፣ ሕግ አለ፤ ሥራ ላይ ይዋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለቅርስ የሚደረግ ጥገናና እድሳት ባለሥልጣኑ አስቀድሞ እንዲፈቅደው ያዛል። ነገር ግን ያልተመዘገበ ቤት ጠበቃ የለውም። የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ምዝገባ ከታላላቆቹ ገዳማት ወርዶ ወደ ቀበሌው ይድረስ። የወረዳ ካድሬ የመንገድና የውኃ ዕቅድ ሲያወጣ፣ በወረዳው ውስጥ ስንት ክብ ቤት እንደቆመ ማወቅ ሥራው ይሁን።

ሁለተኛ፣ የግንባታ ፈቃድ የሚጠይቅ ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ አሮጌው ቤት በቦታው ሆኖ የሚታይበትን ንድፍ ያቅርብ። አዲሱ በአጠገቡ ይነሣ፤ አሮጌው ለማኅሌት፣ ለቅኔ ጉባኤ፣ ለንዋየ ቅድሳት ማኖሪያ ይዋል። ሰበካ ጉባኤዎች ይህን የውጭ ጣልቃ ገብነት አድርገው አይዩት፤ የገዛ አባቶቻቸውን ሥራ ማክበር ነውና።

ሦስተኛ፣ የኪነ ሕንፃ ተማሪዎች በየክረምቱ አንድ አጥቢያ ይለኩ። የሮምን አምዶች ስም በቃሉ የሚያውቅ ወጣት መሐንዲስ፣ ወጋግራና ማገር እንዴት እንደሚታሰሩ ሊያውቅ ግድ ነው። በ1950 ዓ.ም. የተመሠረተው የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎችም ከመፍረሱ በፊት የመቅደሱን ሥዕል ይቅዱ፤ ሸራ አጠባበቅ ይማሩ፤ ለየአጥቢያው ያስተምሩ።

አራተኛ፣ በሕይወት ያሉ አናጢዎች፣ ከዳኞችና የጭቃ ባለሙያዎች ደመወዝ ተቆርጦላቸው ደቀ መዝሙር ይያዙ። የአንድ አርማታ ጉልላት ወጪ ስንት ሣር ክዳን፣ ስንት ወጣት ባለሙያ እንደሚያወጣ ኮሚቴዎች ቁጭ ብለው ይቁጠሩ።

አምስተኛና የመጨረሻው ለየካ ነው። የዋሻ ሚካኤልን የክረምት ውኃ የሚመልስ ቦይና የሚከላከል መጠለያ ጉዳይ ባለሙያ አጥንቶት፣ ዐለቱን በማይጎዳ መንገድ ይፈጸም። በዚህ ሰፈር በየቀኑ ፎቅ ይነሣል። ከዚህ ሁሉ ሲሚንቶና ከዚህ ሁሉ ግንበኛ መካከል፣ የሰፈሩን እጅግ ጥንታዊ ቤት ከዝናብ የሚያስጠልል ካልተገኘ፣ ግንባታችንን ልማት ብለን ለመጥራት ምን ድፍረት ይኖረናል?

ክቡ ቤት ንጉሥ አላሠራውም፤ ስለዚህ የንጉሥ ጠበቃ የለውም። የሠራው ሕዝብ ነው፤ ጠበቃውም ሕዝቡና ከሕዝቡ ጋር ነን የምንል ብቻ ነን። መምህሩ ያስተምርበት፤ ሰዓሊው ይንደፈው፤ ገጣሚው ይሟገትለት፤ ካድሬው ማፍረሻ መሣሪያው ከመድረሱ በፊት ይድረስለት። ጉልላቱ አንዴ ከወረደ በኋላ የሚደረግ ጉባኤ ተዝካር ነው፤ እኛ የምንጠይቀው ጉልላቱ በላዩ ሳለ የሚደረገውን ነው።